ባዶ ሻንጣ ይዤ ወደ ግድቡ

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ሞያሌ
ዛሬም መብራት ጠፋ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት። ጄነሬተሩም ትንሽ አንኮራፍቶ ተኛ። ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጄ ካልቶማ ለወጥ ቤቱ ትእዛዝ ስታስተላልፍ ራሷም የምትሰማው አይመስለኝም። ልጄ ፀዲ ብትኖር ኖሮ... ከበሩ ላይ አንዴ «ሁለት ሽሮ!» ካለች ጎረቤት ሳይቀር ይነቃነቅ ነበር። ስንቴ ተቆጣኋት? «ድምፅሽን ቀንሺ! በዚህ ጩኸትሽ ማን ያገባሻል?»

ማታ አካባቢ ደወለች። ናንዩኪ አጠገብ ባለው የመብራት ማመንጫ ግድብ የስድስት ወር የሥራ ሙከራዋ ሊያልቅ ነው። መጋቢት 16 ቋሚ ውል ትፈርማለች። «እማ፣ ደስ አላለሽም?» አለችኝ። ያለችኝ አንዲት ልጅ። ሆቴሉን ለማን ነው የሠራሁት?

መጋቢት 10
ወሰንኩ። ሳትፈርም ሄጄ አመጣታለሁ። ለፋሲካ እቤቷ ትሆናለች። ለልብሷ ትልቁን ሻንጣ ባዶውን እይዛለሁ። ለካልቶማ «ልጄ ናፈቀችኝ» ነው ያልኳት። ውሸትም አይደለም።

መጋቢት 12፣ ናንዩኪ
ወገቤ አለቀ። ከሞያሌ እስከዚህ አምስት ቦታ ኪፓንዴዬን፣ መታወቂያዬን፣ አሳየሁ። አምስተኛው ፖሊስ ሻንጣዬን ከፍቶ፣ «ማማ፣ ባዶ ነው እኮ! ኡናኤንዳ ዋፒ?» ብሎ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ልጄን ላመጣ» አልኩት። ለፖሊስ እውነቱን ተናገርኩ። ለልጄስ መቼ ነው የምናገረው?

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ
ግድቡን አየሁት። ከተራራው ሥር፣ ጫካ መሀል፣ በእንግሊዞች ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ግንብ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር... ይሄን ያህል ትንሽ? ግን ያምራል። ጉም ውኃው ላይ ተኝቷል፤ ጎብኚዎች ግንቡ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል።

ፀዲ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ቆብ አጥልቃ መጣች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም አደረግኩ። ከስታለች። ፊቷ ግን በርቷል። አለቃዋ ማርጋሬት «ካሪቡ ማማ ፀዲ!» ብላ አቀፈችኝ። የሰባ ዓመት ማሽን አሳዩኝ፣ አሁንም ይዞራል። ፀዲ እንደ ሕፃን ትዳብሰዋለች። ስለ ውሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ... «ብርድ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ነገ።

መጋቢት 14፣ እሑድ
የዛሬው ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ተራራው ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ውኃው እስከ አፉ ሞላ። ጠዋት የግድቡን በር ከፍተው ማስተንፈስ ነበረባቸው። ደንባቸው መጀመሪያ ሳይረን ነው፤ ከዚያ አንድ ሰው ግንቡ ላይ ቆሞ ከታች ያለው ወንዝ ባዶ መሆኑን ካላየ በሩ አይነካም። ሳይረኑ ጮኸ። ልብስ አጣቢዎቹ ወጡ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከነከብቶቻቸው ወንዙ መሀል ቀሩ። ዘበኛው «ቶካ! ቶካ!» እያለ እንዲወጡ ይጮሃል፣ እሳቸው በትራቸውን ተክለው ቆሙ። ውኃው ደግሞ ግንቡን ሊያልፍ ስንዝር ቀረው። ካለፈ ማንንም አይጠብቅም።

ፀዲ ግንቡ ጫፍ ላይ ወጣች።  ከዚያ ያ ድምፅ፣ በሞያሌው ኦሮምኛ...

«አካኮ! ሎን ባሳ! ቢሻን ዱፌ!»

አያቴ፣ ከብቱን ያውጡ፣ ውኃ መጣ! ሸለቆው መልሶ ጮኸ። ሽማግሌው ቀና አሉ። አንዴ ፉጨት፣ ከብቶቹ ዳገቱን ያዙ። የመጨረሻዋ ጊደር ስትወጣ ፀዲ እጇን አነሳች፣ በሩ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ውኃ አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ሀላኬ ይባላሉ፣ ቦረና ናቸው። ከኢሲዮሎ በኩል ድርቅ አሳዷቸው ነው የመጡት። በኋላ በትራቸውን እየተደገፉ እኛ ዘንድ መጡ። «በየደረስንበት ከሣር ያባርሩናል። ይሄንንም ማባረር መስሎኝ ነው። እንቢ አልኩ» አሉ በኦሮምኛ። ከዚያ ፀዲን እያዩ ጠየቁ፤ «ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የኔ ናት!» አልኩ። እኔም ጮኼ። ካገሬ ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

መጋቢት 15
«ልወስድሽ ነበር የመጣሁት» አልኳት።
«አውቄያለሁ እማ። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚጎበኝ ማን አለ?»
አውቃ ሦስት ቀን ዝም አለችኝ! የማን ተንኮል እንደወረሰች...

መጋቢት 16
ፈረመች። አጠገቧ ቆሜ። ሻንጣውን ድንችና ካሮት ሞላችልኝ። አላነሳውም ብል ማን ሰምቶኝ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ
ፋሲካን ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም። ከፋኝ፣ አለቀስኩ፣ አለፈ። ካልቶማን የፀዲ ቦታ ላይ አቆምኳት፤ ጩኸት እያስተማርኳት ነው። ሆቴሉን ከኔ ጋር እንድታስተዳድርም ነገርኳት። ምን ብላ መለሰች? አልሰማሁም።

ዛሬ ምሳ ላይ መብራት ጠፋ። ደወልኩ።
«አንቺ ነሽ ያጠፋሽብን?»
ሳቀች። «እማ፣ የሞያሌ መብራት ከኛ አይመጣም አልኩሽ እኮ...» በሹክሹክታ ነው። አጠገቧ ስብሰባ ላይ ናቸው መሰለኝ።
«ጮክ በይ ልጄ፣ አይሰማኝም።»
«ሰዎች አሉ እማ...»
«ይስሙ! ጮክ በይ!»

ጮኸች። ካልቶማ ከወጥ ቤት «መጣሁ!» እያለች እየሮጠች ወጣች።