ስለ ወይዘሮ ወርቅውሃ ተፈሪ ዕረፍት፣ ላላገኘናቸው ቤተሰቦቻቸው የወጣ የሐዘን መግለጫ

የፌርፋክስ የእሁድ ንባብና መተዋወቂያ ማኅበር፣ ለረጅም ዓመታት ጮክ ብለው ሲያነቡለት የኖሩትንና የበዓል ዝግጅት ኃላፊው የነበሩትን ወይዘሮ ወርቅውሃ ተፈሪን በድንገተኛ ሕመም ማጣቱን ለአባላቱ፣ እንዲሁም በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖች በሙሉ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ያረፉት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ወር መጨረሻ በማኅበሩ አማካይነት ተፈጽሟል።

ይህ መግለጫ ዘግይቷል። አባላት «ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?» እያሉ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። በወጉ ግን የሐዘን መግለጫ የሚወጣው ቤተሰብ መርዶ ከሰማ በኋላ ነው፤ እኛም መርዶ የምንነግረው ሰው ስናፈላልግ ከረምን። አብያተ ክርስቲያናትን ጠይቀናል፣ የፌርፋክስን ሱቆችና ምግብ ቤቶች አዳርሰናል፣ በሬዲዮም አስነግረናል። እስከ ዛሬ የተገኘ የለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሐዘን መግለጫ ብቻ ሳይሆን ፍለጋም መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልን።

በተለመደው አጻጻፍ እዚህ ቦታ ላይ የሟች የትውልድ ስፍራ፣ የትምህርት ደረጃና የቤተሰብ ሁኔታ ይሰፍራል። እኛ የምናውቀውን እንጽፋለን። ወይዘሮ ወርቅውሃ ፓልምስ ሰፈር ይኖሩ ነበር። ሳንታ ሞኒካ አንዲት አሮጊት ቤት እየሄዱ ይንከባከቡ ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ይመስለናል። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ የሚያረፍድ ሰው አይወዱም፤ ስልክ ላይ ወሬ አያበዙም። የአባታቸውን ስም እንኳ ያወቅነው በኋላ፣ ካረፉበት ሆስፒታል ነው። ለእኛ እትዬ ወርቅውሃ ብቻ ነበሩ።

ለማኅበሩ ካበረከቱት አገልግሎት ጥቂቱ የሚከተለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012፣ ማኅበሩ በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ በአባልነት ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ሳይጨርሱ መምጣት እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ታክሲ የሚነዱትና ሆቴል የሚሠሩት አባሎቻችን አንድ በአንድ ቀርተው ነበር። ወይዘሮ ወርቅውሃ ገና እንግዳ ሳሉ እጃቸውን አውጥተው፣ «ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው መቼ አንብቦ ይጨርስ? ኦኬ፣ ያላነበበ ቁጭ ብሎ ይስማ፤ እኔ አነባለሁ» አሉ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ማኅበሩ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ማኅበር ሆነ። የቀሩትም ተመለሱ።

ስለ አነባበባቸው ማጋነን አያስፈልግም። ይቸኩላሉ፤ ነጥብ አይጠብቁም፤ የሚያናድዳቸው ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ንባቡን አቁመው ይወርዱበታል። አንድ ጊዜ ሚስቱን ጥሎ የሄደ ነጋዴ የሚተረክበት ምዕራፍ ላይ ደርሰው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነጋዴውን ሰድበው መጽሐፉ ለሳምንት አደረ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የምንመጣው ከደራሲው ይልቅ እሳቸውን ልንሰማ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የበዓል ዝግጅት ክፍልን አቋቋሙ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የሚሄድበት ቤት የሌለው ሰው ወደ አዳራሹ እንዲመጣ አደረጉ። ማስታወቂያውን ራሳቸው ነበር የሚናገሩት፦ «ቤት ያለው ቤቱ ይሂድ፤ የሌለው እዚህ ይምጣ፤ ማንም ለምን መጣህ አይለውም።» ድስቱን የሚያሞቁት፣ ወንበሩን የሚደረድሩት፣ ተሰነባብተው መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። አንድም በዓል ቀርተው አያውቁም። ይህን እንደ ትጋት ስናመሰግን ኖረን፣ እሳቸውም የሚሄዱበት ቤት እንዳልነበራቸው የገባን አሁን ነው።

መኪና ስለማይነዱ አባላት በየተራ ራይድ ይሰጧቸው ነበር። ሁልጊዜ የሚወርዱት ፓልምስ ባቡር ጣቢያ ጋ ነው። «ቤትዎ ድረስ ላድርስዎ» ሲባሉ «እዚሁ ይበቃኛል፤ እዛ ፓርኪንግ የለም» ይሉና መኪናው እስኪርቅ ቆመው ይሸኛሉ። ከአባላት መካከል የቤታቸውን በር ያየ ሰው ጠይቀን አላገኘንም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አዳራሹ ሲዘጋ ንባቡ በዙም እንዲቀጥል አድርገዋል። ካሜራቸውን አይከፍቱም ነበር። ድምፃቸው ግን በየእሁዱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ከሚንከባከቧቸው አሮጊት ቤት፣ ከጓሮ ደረጃ ላይ ሆነው ነበር የሚያነቡልን። በዚያ ዓመት ከሰው አፍ አማርኛ የሰማነው እሁድ ብቻ ነው የሚሉ አባላት አሉን፤ ምስጋናቸው በዚህ መግለጫ እንዲገለጽላቸው ጠይቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ማኅበሩ ዛሬም የሚተዳደርበትን ደንብ አወጡ። አገር ቤት በታመሰበት ሰሞን የእኛም አዳራሽ ታምሶ ነበር። በምናነበው ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው መንደር በየትኛው ክፍለ ሀገር ነች በሚል የተጀመረ ክርክር «አንተስ የየት ነህ?» ላይ ደረሰና አባላችን አቶ መክብብ ወንበር ገፍተው ተነሡ። ወይዘሮ ወርቅውሃ መጽሐፉን ከደኑት። «እዚህ የመጣነው ኢንተርቪው ልንደረግ ነው? ኢንተርቪውማ ኤምባሲ ጨርሰን ነው የመጣነው። ከዛሬ ወዲያ የየት ነህ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ወረቀትህ አለቀ ወይ፣ ባልሽ የት ሄደ የሚል ካለ እኔ አላነብለትም» አሉ።

ድምፅ አልተሰጠበትም፤ በቃለ ጉባኤም አልሰፈረም፤ ግን ጸና። በዚያ ዓመት በከተማው ስንቱ ማኅበርና ስንቱ ዕቁብ ሲፈርስ የእኛ አልፈረሰም። አቶ መክብብም በሳምንቱ ተመልሰው የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ ከሰው ጋር የሚቀመጥበት ቦታ በዚህ ከተማ ብዙ የለም፤ እኛ ጋ ነበረ። ደንቡን ዛሬም እናከብረዋለን። ነገር ግን ባለመጠያየቃችን ተከባብረን ስንኖር፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማንን እንጥራ የሚለውን አብረን ትተነው ኖሯል።

የዕረፍታቸው ዜና የደረሰን በእሁድ ስብሰባችን ላይ ነው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ሲንከባከቧቸው የነበሩት አሮጊት ልጅ፣ አንዲት አሜሪካዊት፣ አዳራሹን አጠያይቀው መጡ። በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰው ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እኛ ግን ቆመን፣ ወንበር እየደረደርን፣ በእንግሊዝኛ ሰማነው። ሴትዮዋ እያለቀሱ የወርቅውሃ ቤተሰቦች እኛ እንደሆንን ጠየቁ። ሰብሳቢያችን አቶ ደመቀ፣ «ኖ፣ ኖ፣ እኛ የቡክ ክለቧ ነን» ብለው መለሱ። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ይህን ሁሉ ዓመት የእሁድ ፈቃድ የሚወስዱት ቤተሰቤን ልጠይቅ እያሉ ነበርና። ይህን ስንሰማ አፈርን፤ ደስም አለን። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብን።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተጀመረ። አንዱ ዳላስ ወንድ ልጅ አላቸው አለ። ሌላው ደሴ እህት አለቻቸው አለ። ሦስተኛው ጭራሽ አልወለዱም ብሎ ማለ። ሁሉም ከሌላ ሰው የሰሙት ነው፤ ያ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ደግሞ እሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው። ሆስፒታሉ የሥጋ ዘመድ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ አስከሬኑን ማኅበሩ እንዲረከብ ተፈቀደ።

በጾም ወራት የጾም ምግብ ብቻ ሲበሉ ስላየናቸው ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። ለፍትሐቱ ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። እዚያ ከቆምነው መካከል ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከአፋቸው ስንሰማ የኖርን ነበርን፤ ስማቸውን የሚመልስ ግን ጠፋ። ካህኑም «እሱ ያውቃታል» ብለው ጸሎቱን ጀመሩ። ከቀብሩ ሁሉ የከበደን ያ ነው።

ለቅሶው የተቀመጠው በራሳችን አዳራሽ ነው። ሰው በጣም መጣ። ከባልድዊን ሂልስም፣ ከኢንግልዉድም መጣ፤ ማስታወቂያውን ሬዲዮ ላይ ሰምተው ብቻ የመጡም ነበሩ። የገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆም ይልና ሐዘንተኛውን በዓይኑ ይፈልጋል። የፊተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ግራ የገባው አጠገቡ ያለውን «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፤ ያኛውም «አይ፣ እኔም ለለቅሶ የመጣሁ ነኝ» ይላል። ሁላችንም አጽናኝ ሆነን የሚጽናና ጠፋ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተን አናውቅም፤ ለማንም አይስጠው።

በሁለተኛው ቀን እዚሁ ተወልዳ ያደገችው አባላችን ሉሊት ከሥራ ዘግይታ ደረሰች። ሉሊት አማርኛ ማንበብ የቻለችው በወይዘሮ ወርቅውሃ ጎን ተቀምጣ መስመር በመስመር በመከተል ነው። ወጉን ስለማታውቅ ባዶ ያገኘችው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወዲያው አንድ የማናውቃቸው አዛውንት ገብተው፣ ልጃቸው መስላቸው፣ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፣ እናት ከባድ ነው» አሏት። ሉሊትም አለቀሰች። በዚያ ለቅሶ ላይ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች።

አቶ ደመቀ ጠጋ ብለው ቦታው የሥጋ ዘመድ እንደሆነ፣ ተነሥታ ከኋላ እንድትቀመጥ በጆሮዋ ነገሯት። «ሶ፣ ማን ይቀመጥበት?» አለቻቸው። አቶ ደመቀም አጠገቧ ተቀመጡ። ቀጥሎ አቶ መክብብ ሄዱ። ሌሎቻችንም ተከተልን፤ ረድፉ ሞላ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ አወቀ።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ከለቅሶው በኋላ ተሰብስቦ በደንባችን ላይ አንድ ማሻሻያ አድርጓል። የየት ነህ፣ የማን ልጅ ነሽ ዛሬም አይጠየቅም። ነገር ግን እያንዳንዱ አባል አንድ ነገር ቢሆን ለማን እንደምንነግርለት ይጠየቃል። ጥያቄው መጀመሪያ የቀረበላቸው አቶ መክብብ «እናንተው ለእናንተው ተነጋገሩ፤ ሌላ ሰው የለኝም» ብለዋል። ከእሳቸው በኋላም እንዲሁ ያሉ ነበሩ፤ ስንት እንደሆኑ እዚህ አንጽፍም።

የሐዘን መግለጫ የሚያበቃው ለሟች ቤተሰቦች መጽናናትን በመመኘት ነው። ኮሚቴው ያንን ዐረፍተ ነገር ጽፎ አነበበውና ሰረዘው፤ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አላወቀምና። በምትኩ የወይዘሮ ወርቅውሃ ተፈሪ ሐዘንተኞች የማኅበሩ አባላት መሆናቸውን ወስኗል። ተዝካራቸውን የምናወጣው እኛ ነን። ሊያጽናናን የሚፈልግ ወገን ሁሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ፣ በተለመደው አዳራሽ ያገኘናል። መምጣት ያልቻለ ቢደውልልንም እናመሰግናለን፤ በጣም ጎድተውን ነው የሄዱት።

ልጃቸው፣ እህታቸው፣ ወንድማቸው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፦ መርዶ በጽሑፍ ሊነገራችሁ አይገባም ነበር፤ ሌላ መንገድ አጥተን ነው። ኑ። ማን ናችሁ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብለን አንጠይቃችሁም። የፊተኛው ወንበር የእናንተ ነው፤ ስትመጡ እንለቅላችኋለን። እስክትመጡ ድረስ እኛ ተቀምጠንበታል።

የፌርፋክስ የእሁድ ንባብና መተዋወቂያ ማኅበር
ሎስ አንጀለስ