ፊትህ የቀረበው የፍልሰታ ዶሮ

ታዴዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ፋሲካ አለፈ። እንዴት ነህ አልልህም፤ ተናድጄብሃለሁና አርፈህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። መኪናህን አሁን ልጃችን ቤቲ ነች የምትነዳት፤ ወንበሩን ወደ መሪው አስጠግታዋለች። ወንድሟ ሚኪ በቁመት አልፎሃል። እናትህ እሑድ እሑድ ከአገር ቤት በቫይበር ይደውላሉ፤ ስምህ ሲነሳ ኔትወርኩ አስቸገረ ብለው ይዘጉታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማዶ ያሉትን ጃፓናዊት አሮጊት፣ ሚስስ ሚቺኮን፣ መቼም አትረሳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ኦሮራ፣ ሰፈራችን ወዳለችው የጃፓኖች መቅደስ በመኪና ታደርሳቸው ነበር። ለአረጋዊ መታዘዝ ጽድቅ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ለጽድቁ ሲል ጦሙን ዋለ ብዬ አዝንልህ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋ ከነልጆቹ ቤታቸው ጋበዙኝ። በዚህ ሰሞን ሙታኖቻቸው ለጥቂት ቀን ይመለሳሉ ብለው፣ ፎቷቸውን ደርድረው ፊት ለፊቱ የሚወዱትን ምግብ ያቀርባሉ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን፤ እሱስ ከቤተ ክርስቲያን ለምደነዋል። እጄን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ከሴትዮዋ ባል ፎቶ ጎን አንተን አየሁህ። አፍህን ከፍተህ ትስቃለህ። ያንን ፎቶ አይቼው አላውቅም። ከፊትህ ደግሞ አንድ ሳህን የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ። በፍልሰታ!

ባሌ እኮ ጾመኛ ነበር ስላቸው ሴትዮዋ ሳቁ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ መቅደሱ ጓሮ ተቀምጣችሁ፣ ጾም ሆነ ፍስክ፣ ክንፍ ትግጡ ኖሯል። እቤት ስትመጣማ ሽሮውን እየገፋህ ጾሙ ከበደኝ ትለኝ ነበር!

ቤቲ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ቺክን» አለችኝ። ለእሷ ዶሮ ብቻ ነው፤ ምን ታውቃለች። የጾሙን ነገር ለነፍስ አባትህ ትቼዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ያ የፎቶው ሳቅህ ነው። አዎ፣ ሰማንያ ባለፋቸው አሮጊት ቀናሁ፤ ከፈለግክ ሳቅብኝ። የራሳቸው ባል በየዓመቱ የሚመጣላቸው አንሶ የእኔንም ደርበው ያበሉታል። እኔ አርባህን አውጥቻለሁ፣ ሙት ዓመትህንም ደግሻለሁ። አገር ምድሩን አበላሁ፤ ለአንተ ግን አንድ ጉርሻ አላቀረብኩም።

ሳህኑን ላነሳው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና ወደ መኪናው ሄጄ፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ እስካሁን ያልጣልናትን ያቺን የሚጥሚጣ ብልቃጥህን አወጣሁ። ጾመኛ ሰው በመኪና ሚጥሚጣ ይዞ ለምን እንደሚዞር እዚያ ቆሜ ገባኝ። ተመልሼ ክንፉ ላይ ነሰነስኩልህ። ሴትዮዋ ክንፉን እንጂ ሚጥሚጣውን አላሰቡልህም፤ እሱ የእኔና የአንተ ነው።

አልረሳህም ታዴ። የዛሬ ዓመት ክንፉን ራሴ ጠብሼ በትኩሱ አመጣልሃለሁ። ጾሙን እኔ እጾምልሃለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ግን ሌላ ሴት አታበላህም።

ሚስትህ ጽጌ