አባዬ የሰፋው ሞላላ ኳስ

ሰኞ

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአባዬ ስም የለም።

ያመጣችው ሜሮን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለአሜሪካ ፉትቦል ቡድናቸው ትጫወታለች፤ ሞላላ ኳስ በእጅ እየወረወሩ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። የጫማዋ ሶል ተላቆ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እኛ ጋ ልታሰፋ መጣች። አባዬ ሲሰፋ ወረቀቱን አሳየችኝ። የቡድኑ ታሪክ ነው፤ ቅዳሜ በትልቅ ሰሌዳ ሜዳው በር ላይ ይሰቀላል። እንጦጦ ማርያም ድረስ እየሮጡ ይለማመዱ የነበሩት ሁሉ አሉበት። ከዚያ «የመጀመሪያው ኳስ ከውጭ አገር መጣ» ይላል።

ውሸት! የሰፋው አባዬ ነው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባዬ «ክሩን አቀብይኝ» አለ። አቀበልኩ። ሄደች።

ማክሰኞ

«ተይው ባክሽ የሺ፣ ኳስ እኮ ነው» አለኝ አባዬ። ግን ቀኑን ሙሉ ያወራው ስለሱ ነው።

ያኔ ቡድኑ ሲጀመር ተማሪዎቹ ያመጡለት የኳስ ፎቶ ብቻ ነበር። ኳሱ አናቱ ላይ በነጭ ክር ተሰፍቷል። አባዬ ተቀዶ የተጠገነ መሰለው። «እኔ የተጠገነ አልሰጥም» ብሎ አናቱን ልሙጥ አድርጎ ሠራው። ሲወረውሩት እንደ ሳሙና አመለጣቸው። ለካ ነጩ ክር ለጣት መያዣ ነው! መልሰው አመጡት። ከአሮጌ ጫማዎች የማሰሪያ ማስገቢያ ቀለበት ነቅሎ ተከለበትና የጫማ ማሰሪያ አስገባበት።

ይህን ሲያወራ እስካሁን ያፍራል። እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

ዓይኑ ደክሟል። መርፌው ውስጥ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ። ስሙ የትም አልተጻፈም፣ ሱቃችን ላይ እንኳ።

ረቡዕ

ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ። የምለውን መዳፌ ላይ ጽፌ ነበር፦
ጤና ይስጥልኝ
የአቶ ወርቁ ልጅ ነኝ
ኳሱ

ጥበቃው «ማንን ፈልገሽ ነው፣ የኔ እህት?» አለኝ። «ማንንም» ብዬ ተመለስኩ። ጽሑፉን ላብ አጥፍቶታል።

ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታርማለች? ነገ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ገባሁ!

አሰልጣኙ ጋሽ ደረጀ ይባላሉ። ያኔ አልነበሩም፤ ታሪኩን የጻፉት ከሰው ሰምተው ነው።

«ኳሱን የሰፋው አባቴ ነው» አልኳቸው። ጤና ይስጥልኝን ረሳሁት።

«አባትሽ ማን ነው?»

«ጫማ ሰፊ ነው።»

አንዱ ተጫዋች «ኧረ ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ሄልሜቱን የሠራው ድስት ጠጋኝ ይመጣል!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ። በሩን አየሁት። አልወጣሁም።

«ማሰሪያው የገባበትን ይዩት» አልኩ። «የጫማ ቀለበት ነው። ስምንት ነው። አንዱ ቢጫ ነው፤ ጎድሎበት ከሌላ ጫማ ያመጣው።»

ኳሱን ከመስታወት ሳጥን አወጡት። መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ። ቢጫው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስወለውለው!» አሉ።

ከዚያ የባሰው መጣ። «ነገ ከሰዓት ሰሌዳው ይታተማል። ሁለት መስመር ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ። እኔ!

ዓርብ

አራት ወረቀት ቀደድኩ። አባዬ «ማሰሪያውን መተዌን እንዳትጽፊ፣ አደራ» ብሎኛል። ግን ያለ እሱ የጫማ ቀለበት ኳስ ላይ ምን ይሠራል?

ጻፍኩት። ለአባዬ ሳላሳየው ወስጄ ሰጠሁ።

ቅዳሜ

ሜዳው በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ለአባዬ ዓይን አነሰ። «አንብቢልኝ» አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«የመጀመሪያውን ኳስ የሰፉት የፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ጫማ ሰፊ አቶ ወርቁ ናቸው። መጀመሪያ ማሰሪያ አልነበረውም፤ ፎቶው ላይ ሲያዩት ጥገና መስሏቸው፣ የተጠገነ ኳስ ለተማሪዎች መስጠት አሳፍሯቸው ነበር። በኋላ በጫማ ቀለበት አስገቡለት።»

አባዬ አላየኝም። ሐሙስ ያሳቀብኝ ያ ተጫዋች ቀድሞ አጨበጨበ።

ጋሽ ደረጀ ኳሱን አስያዙት። አገላብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ።

«እዚህ ጋ ላልቷል» አላቸው። «ሰኞ አምጡት። ክሩን ልጄ ታስገባልኛለች።»