በአንተ ስም የታጠበ ጀርባ

ወዳጄ ታኬጎሺ፣

ትናንት እዚህ ቤፑ፣ ፍል ውሃ ቤቱ ማን ገባ መሰለህ? ኳስ ያቆመው ሚኖዋ፣ የድሮ ተማሪያችን! መታጠቢያው በጩኸት ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ግራ እግር! ጫማህን ስትሰቅል ሚስቴ አለቀሰች፤ እኔ ጡረታ ስወጣ እኮ ሥቃለች!» አለው።

ሚኖዋ እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣ «መምህር፣ ጀርባዎን ልጠብዎት?» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተምሬዋለሁና ደስ አለኝ። ፎጣውን ሳሙና አስነክቶ ጀርባዬን እየፈተገ፣ «ከትምህርት ቤቱ ቡድን የተቀነስኩ ዕለት ምሳዎን አካፍለውኝ አጠገቤ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ መምህር ታኬጎሺ» አለኝ።

በዚያ እንፋሎት፣ ያለ መነጽርና ያለ ልብስ፣ አንተን መስዬዋለሁ። በዚያ ዕለት እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የእሱን ፈተና አርም ነበር፤ አርባ ሁለት ነው ያገኘው። ስሜን ልነግረው አፌን ከፈትኩና፣ «ወገቤንም ጨምርልኝ» አልኩት።

ቀናሁብህ፤ ቅናቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ፖስት ካርዱ ስለሞላ ፊደሌን አሳንሻለሁ፤ ለባለቤትህ ለሱሚኤ ናፍቆቴን ንገርልኝ። የሚኖዋ ምስጋና ያንተ ነውና ይኸው አድርሻለሁ። እጥበቱን ግን አልመልስም።

ሙናካታ