ቀይ ቀብቼ የመለስኳት ጫጩት

ዝናዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ስድስት ቀን ቀረው። ጥቅምት ተመልሶ መጥቷል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት አጥንት ይሰብራል፤ የግቢው ሣር ላይ አመዳይ ይታያል፤ «ጋቢህን ደርብ እንጂ» ብሎ ከኋላዬ የሚጮህ ግን የለም። ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የግንባታ ቁጥጥር ሪፖርት ነው፤ ይህ ግድግዳ ተጣሟል፣ ይህ ብረት ቀጥኗል፣ ይህ ይፍረስ። ዛሬም የምጽፍልሽ እንደዚያው ነው። እቤታችን ውስጥ የፈረሰ ነገር አለ፤ ማን እንዳፈረሰውም ሳላድበሰብስ መጻፍ አለብኝ።

ገብስማ ዶሮሽ አለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች። አንቺ እያለሽ ጫጩት በጓሮው ሙሉ ይበተን ነበር፤ ጎመንሽን ሲጭሩብሽ በመጥረጊያ እያባረርሽ ትሰድቢያቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ለቀቅኳቸው፤ ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብኝ። ተናደድኩ። ስናደድ የምሆነውን ታውቂያለሽ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳላርፍ አዲስ የዶሮ ቤት ሠራሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሽቦ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር። ለብርዱ ብዬ ትልቅ አምፖል ሰቀልኩላቸው፤ ሌት ተቀን እንዲበራ። ከዚያ የቀሩትን ዘጠኙን ከነእናታቸው አስገብቼ ዘጋሁባቸው።

ውባለም ከቤት ወጥታ አየችና «አባባ፣ አልጠበባቸውም?» አለችኝ።

«ለክቶ የሠራው ማን ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ልጃችን ዝም ማለት ተምራለች፤ ያቺ ቤቱን በሳቅ ስታናውጠው የነበረችው ልጅ ናት ቢሉሽ አታምኚም። የዝምታዋን ነገር እመለስበታለሁ።

ከጫጩቶቹ አንዷ ከሁሉም ታንሳለች፤ ላባዋ የተልባ ቀለም ያለው ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከጭራዋ በላይ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ ሲታይ አየሁ። ቆዳው ላይ አንዲት ጠብታ ደም አለች። ጸብ አልነበረም፤ ጩኸት አልነበረም። ይህን ልብ በይልኝ፤ ጥቃት ሁልጊዜ ድምፅ ያለው ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን ገብስ የሚለቅሙ ይመስል፣ ረጋ ብለው፣ ተራ በተራ እየመጡ ይነቁሯታል። አንዱ ነቁሮ አንገቱን ቀና ያደርግና ይውጣል፤ ወዲያው ሌላው ይተካል። እሷ ጭንቅላቷን ጥግ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። አትሸሽም። መሸሻም አልሠራሁላትም።

ሳወጣት ቁስሉ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። ውባለም በሁለት እጇ ያዘችልኝ፤ የጫጩቷ ልብ በጣቶቿ መሃል ሲመታ ይታይ ነበር። ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ አቀዝቅዤ አጠብኩት። ከዚያ ከመድኃኒት ሳጥኔ ቀዩን የቁስል መድኃኒት አውጥቼ ቁስሉንም ዙሪያውንም፣ ደህናውንም ቆዳ ሳይቀር፣ በብሩሽ አዳርሼ ቀባሁት።

«እማዬ እኮ ጥላሸት ነበር የምትቀባቸው» አለች ውባለም፣ ቀስ ብላ።

ትዝ ይልሻል? እዚህ ቤት በገባን ዓመት ነው ይህን ስታደርጊ መጀመሪያ ያየሁሽ። ከድስቱ ቂጥ ጥላሸቱን ፍቀሽ፣ በቅቤ ለውሰሽ፣ የአንዷን ዶሮ ቁስል በጣትሽ ስታጠቁሪ ደረስኩብሽ።

«ቁስል ላይ ጥላሸት? ዝናሽ፣ ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አልኩሽ።

«ዶሮዎቹ ናቸው» አልሽኝ። «አንተ ማኅተም ካላረፈበት አታምንም፤ እነሱ ደግሞ ማኅተም የላቸው።»

ይህን ወሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወራሁ ሰው አስቅብሽ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር፤ ጥላሸቱን ግን አንድም ቀን አልተውሽም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ስኖር አንዴ እንኳ «ለምን?» አላልኩም።

ለውባለምም የመለስኩላት በዚያው ንቀት ነው። «እናትሽ ሐኪም አልነበረችም» አልኳት። አጎንብሳ ጫጩቷን ካርቶን ውስጥ አስተኛቻት።

በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። ቀዩ ግን አልለቀቀም፤ እንደ አዲስ ቀለም ደምቆ ይታያል። እኔም የደረቀ ቁስል የዳነ ቁስል ነው ብዬ ጫጩቷን በጠራራ ፀሐይ ወስጄ መሃላቸው አስቀመጥኳትና ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ጓሮው ጸጥ ብሏል። ያንን ጸጥታ ከበሩ ጀምሮ አወቅኩት። ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል፤ ጀርባቸውን እንጂ የሚነቁሩትን ማየት አይቻልም። ቁስል የነበረበትን ብቻ አልነበረም የነቆሩት፤ ቁስል ያልነበረበትን፣ ቀዩ የነካውን ደህና ቆዳ ሁሉ ቦድሰውታል። እኔ በብሩሽ ያካለልኩትን ክብ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አልሳቱም። ከፊት ያለችው ደግሞ ገብስማ ነበረች፤ ያቺ በብርድ ቀን ነጠላሽ ውስጥ ይዘሽ የምትቀመጪያት፣ የወለደቻት እናቷ። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። መንቁሯ ቀልቶ ነበር።

ውባለም ቀደመችኝና ጫጩቷን ከመሃላቸው አወጣቻት። ማድ ቤት ገብታ ድስት ገለበጠች፤ ጥላሸቱን ፍቃ በቅቤ ለወሰች፤ ቁስሉን እስኪጠቁር ቀባችው። ስትጨርስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ እነሱ ቀይ ነገር ያዩበትን አይተዉም። እማዬ መጀመሪያ ሸፍኑላት ነበር የምትለው። ከተሸፈነላት ትድናለች፤ ቀይ ሆና ከመለሷት ግን ይጨርሷታል።»

ልጄ ጥግ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ቆማ ነበር። እንደዚያ ስትቆም ከዚያ በፊትም አይቻታለሁ። አርባሽ የወጣ ቀን ነው፤ ዳስ ውስጥ።

አሁን ሪፖርቴን ልጻፍ።

የታመምሽ ዕለት ጠዋት እኔ በጋሳይ መንገድ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ነበርኩ፤ የጣሪያ ኮንክሪት እየተሞላ ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ውባለም ደወለች። «አባባ፣ እማዬ ደረቷን ይዛ ወደቀች፤ ባጃጅ ጠርቼ ልውሰዳት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አትንኪያት ያልኩት። «ባጃጅ ያንገጫግጫታል፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» አልኳት። ከዚያ ግን ኮንክሪቱ ግማሽ ላይ ከቆመ ይሰነጠቃል ብዬ ሰዓቱን ገፋሁት። እንደገና ደወለች፤ «መንገድ ላይ ነኝ» አልኳት። ዝናዬ፣ መንገድ ላይ አልነበርኩም። በእጄ ሜትር ይዤ የኮንክሪቱን ውፍረት እየለካሁ ነበር። በሦስተኛው ስልኩን አላነሳሁም። ልጅቷ ትእዛዜን ጥሳ፣ ከጎረቤት ጋር ተሸክማሽ፣ ባጃጅ ላይ ጫነችሽ። እኔ ሆስፒታል ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ አምጥታችኋት ቢሆን» አለ። አምጪዋ ውባለም ስለነበረች የተናገረው እሷን እያየ ነው። እኔም እሷን አየኋት።

በአርባሽ ቀን ከሐሙሲት የመጣችው እህቴ እታፈራሁ ዳሱ ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ለመሆኑ ስትወድቅ አጠገቧ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለልጅ ጥያት መሄድ አልነበረብኝም» አልኩ።

ሰው ራሴን የወቀስኩ መስሎት አለቀሰልኝ። እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ በዚያችው ደቂቃ አውቄዋለሁ። ቀዩን የቀባኋት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጮኸባትም። ሁሉም ረጋ ብለው፣ ተራ በተራ ነው የመጡት። እታፈራሁ «አይ ልጄ፣ ምነው ትንሽ ብትቸኩዪ» አለች። የውባለም ታላቅ ወንድም ጌትነት ከባሕር ዳር በደወለ ቁጥር «ስልክ ይዘሽ ቁጭ አልሽ አይደል?» ይላታል። ጎረቤቷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሳትቀር «እኔ ብሆን…» አለቻት። እኔም አለሁበት፤ ወጥ ባረረ ቁጥር፣ በር ሳይዘጋ ባደረ ቁጥር «አንቺ ምን ጊዜ ልብ አለሽና» እላለሁ። ዓመት ሙሉ። እሷም ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «አባባ ጠብቂ ብሎኝ ነው» ብላ አልተናገረችም። ለማን ብላ ዝም እንዳለች አንቺ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ጌትነት ስለ ሙት ዓመትሽ ሊነጋገር ደወለ። ድንኳኑን፣ ካህናቱን፣ ጠላውን አንድ በአንድ ጠየቀኝና በመጨረሻ «ያቺ ልጅ መሃል ገብታ እንዳታለቅስብን፣ ሰው ፊት አላስችልም» አለ። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማ ነበር። ውባለም ደጃፉ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

በማግሥቱ አልጋዋ ሥር የታሰረ ሻንጣ አየሁ። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ልትሄድ ነው፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። የጠየቀችኝ እሷ ናት። ካርቶኑን ታቅፋ መጣችና «አባባ፣ ይቺን ለማን ልተዋት?» አለችኝ። እንባ የለም፤ ቁጣ የለም። ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ጥላሸቱ ሲለቅ እንደገና መቀባት ነው። ሙሉ በሙሉ ላባ ሳታበቅል አትመለስም። ስትመለስም በቀን ሳይሆን ሲመሻሽ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ቀስ ብሎ አጠገባቸው ማስቀመጥ ነው፤ ሲነጋ ድሮም አብራቸው የነበረች ይመስላቸዋል። ያንቺ ዘዴ ነው። ልጅሽ ስትሄድ የምትሰጠኝ ውርስ ይህ ሆነ።

እኔም ካርቶኑን አልተቀበልኳትም። «አንቺ ራስሽ ትመልሻታለሽ» አልኳት። አላመነችኝም። ሻንጣው አሁንም እንደታሰረ ነው፤ ስወጣና ስገባ አየዋለሁ።

ጥበቱና ሌት ተቀን የሚበራው ብርሃን እርስ በርስ እንደሚያናቁራቸው ዘግይቶ ገባኝ፤ አምፖሉን አውርጄዋለሁ። ሽቦውንም ቆርጬ በሩን ከፍቻለሁ፤ ዶሮዎቹ ጓሮው ውስጥ ተበትነዋል። ይህ ግን ነገሩን አላስረሳቸውም። ጫጩቷ ከውባለም ክፍል ድምፅ ባሰማች ቁጥር ገብስማ መጥታ መስኮቱ ሥር ትቆማለች። ጫጩቷ ጥሬ ትለቅማለች፤ ቆማ መሄድ ግን ገና አልቻለችም። ትድናለች ብዬ አልጽፍም፤ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም።

ዝናዬ፣ በስድስተኛው ቀን ፍትሐቱ አብቅቶ፣ ካህናቱ ባርከው፣ ሰው ማዕድ ሲቀርብ፣ እህልም ሳይቀመስ ይህን ደብዳቤ ቆሜ አነበዋለሁ። ጌትነትም፣ እታፈራሁም፣ ጎረቤቱም ሁሉ ባለበት። ለውባለም ዛሬ እሰጣታለሁ፤ ቀድማ ታንብበው፣ ከዚያ መቆየቱንም መሄዱንም ራሷ ትወስን። ብትሄድም አነበዋለሁ። ሳነብ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ማንም አይጮህም። ጸጥ ይላል፤ ያ ከጓሮው በር ጀምሮ ያወቅኩት ጸጥታ። ከዚያ አንገቶች ሁሉ ቀስ ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። አንድም ሰው ጥላሸት ይዞ እንዲመጣልኝ አልፈልግም።

አንቺን ግን በመቃብርሽ፣ በፎቶሽ አላስታውስሽም፤ ያ ቀላል ነው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሥራዬን አቆማለሁ። ኮንክሪት እየተሞላም ቢሆን አቆማለሁ። ስልኬን እጄ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ልጅሽ ከደወለች በመጀመሪያው ጥሪ አነሳለሁ።

ባልሽ
ከደብረ ታቦር