አራት ሰዓት ሲባል ስድስት ነው

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ተዋበች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የጎንሽ ውጋት ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም «ይሻለኛል» እያልሽ ሰውን ታታልያለሽ? አባባ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ? ጋሽ ይርጉስ? ልጆቻችሁስ አደጉ? ጎረቤቱ፣ ቀዬው፣ ሐይቁ ራሱ ደህና ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጤናው ነው ደህና፤ ቆሽቴ ግን አርሯል። ይህን ጉድ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ። በሦስተኛው እንደተቆረጠ ሳላውቅ ሩብ ሰዓት ሙሉ ለባዶ ስልክ ሳወራ ቆየሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁንልሽ።

እማዬ ያለችበት ፊልም ዳላስ መጣ። የመጀመሪያው ምረቃ እዚህ ይሁን ተብሎ፣ ገቢውም ለእኛው አገር ሽማግሌዎች የዓይን ሞራ ሕክምና እንዲውል ተብሎ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ዋናው ተዋናይ ጥዑመልሳን ራሱ ከአዲስ አበባ ተጋብዞ። የጥዑመልሳን ነገር ለእኔ የልጅነት በሽታ መሆኑን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ ደብተሬን በእሱ ፎቶ ለብጬ፣ አባባ «ይኼ ሰውዬ ነው ሒሳብ የሚያስተምርሽ?» ብለው የቆነጠጡኝ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። ስልክ በተነሣባት ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል የምታደርገው፣ «በቁሜ አትቅረጹኝ» የምትለው እናታችን፣ ፊልሙ ሐይቃችን ዳር ሲቀረጽ ካሜራ ፊት የቆመችው አንቺ «አይናዲስ የምትሞትለት ልጅ እኮ ነው» ስላልሻት ነው። ለእኔ ብላ ነው። ከዚያ ዓመት ሳይሞላት ሄደች። የእኔ ወረቀት ደግሞ በእንጥልጥል ስለነበር ከአገር ብወጣ መመለሻ የለኝም ተብዬ አልቀበርኳትም። ድምፅዋ የለኝም። ስትራመድ የሚያሳይ ነገር የለኝም። ያለችኝ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ፎቶ አንሺውን የተቆጣችበት አንዲት ፎቶ ናት። ሌላው ሰው ፊልም ሊያይ ነበር የሚሄደው፤ እኔ እናቴን ላይ ነበር።

ማስታወቂያው እሁድ አራት ሰዓት ይላል፤ በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ በሁለት ሰዓት ለብሼ፣ ተጫምቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሙሉጌታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል። ባሌ ነው፣ ምን ላድርገው። «ባክሽ ሪላክስ አድርጊ። ሀበሻ ነው እኮ፤ አራት ካለ ስድስት ነው» ይለኛል። አላመንኩትም፤ ለኮሚቴው አስተባባሪ ለምሥራቅ ደወልኩላት። እሷም አራት ሰዓት የተባለው ሰው ስድስት ላይ እንዲገባላት እንደሆነ፣ አምስት ላይ ብመጣ እንኳ ወንበር የምደረድረው እኔ እንደምሆን ነገረችኝ። ሙሉጌታ በድል አድራጊነት «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለኝና ወደ ኳሱ ተመለሰ። ምሳሌ የሚያውቀው እኔን ለማዘግየት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አክስቱን እማማ ዓለምጌጥን ቪከሪ ሜዶ ከሚባለው ሰፈር ማንሳት አለብን። ከቤድፎርድ ተነሥተን እዚያ ስንደርስ ሴትዮዋ ገና ቀሚስ ይመርጣሉ። «አራት ሰዓት አይደል እንዴ? ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው ቁጭ በሉ አሉን። ሰዓቱ ለአራት አሥር ጉዳይ ነበር። እኔ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ተቀመጥኩ።

ፕሌኖ ከተማ፣ አዳራሹ በር ስንደርስ አራት ሰዓት ከአርባ። ፓርኪንጉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሙሉጌታ እንደ ጀግና ተንጠራርቶ ወረደና «አየሽ? ፈርስት ነን» አለኝ። ገባን። ጨለማ። ሸራው ላይ ጥዑመልሳን ከተማ ውስጥ ሆኖ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ይጣላል። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ከእኛ ጋር አሥራ አራት ሰው ነን።

ምን ሆነ መሰለሽ? ምሥራቅ አራት ማለት ስድስት መሆኑን ለዳላስና ለፎርት ዎርዝ ሀበሻ ሁሉ ነግራለች፤ ለአዳራሹ ባለቤቶች ብቻ ሳትነግር ቀረች። እነሱ ደግሞ አሜሪካውያን ናቸው፤ አራት የተባሉት አራት መስሏቸው በአራት ሰዓት ለቀቁት። እንዲህ ያለ ጥፋት ከእኛ ሰው በቀር ማን ይሠራል?

እንግዲህ ተቀመጥኩና አሮጊት በታየች ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ገበያ ውስጥ አንዲት ታየች፤ አይደለችም። ለቅሶ ቤት አምስት ታዩ፤ አንዳቸውም አይደሉም። ከኋላዬ ዘግይቶ የሚገባው ሰው በስልኩ መብራት ወንበር ይፈልጋል፤ ያገኘውም ከጎረቤቱ ጋር ይሳሳማል፤ የልጆች ጤና ይጠያየቃል። እኔ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ቀስ እያለ ፊልሙ አለቀ። የተዋንያኑ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ ከመጨረሻዎቹ መካከል «እናት በሐይቁ ዳር፦ የሺእመቤት አሊ» የሚል አለፈ። አልፋኛለች ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ነበረች። እትዬ፣ እኔ አንቺንም ታዝቤሻለሁ፤ ጃንጥላ ይዘሽላት ስትቆሚ ውለሽ፣ ፊልሙ በእሷ እንደሚጀምር መጠየቅ እንዴት ያቅትሻል?

መብራት ሲበራ ስድስት ሊሆን ነው። ያን ጊዜ ነው ሕዝቡ የጎረፈው፤ አራት መቶ ሰው ሽቶውን ተቀብቶ፣ የሀበሻ ልብሱን ለብሶ «መቼ ነው የሚጀመረው?» እያለ ይገባል። አልቋል ሲባሉማ ጩኸቱ አይነገርም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምሥራቅን በሰው መሀል ተጋፍቼ ያዝኳትና እንደገና ይታይ ብዬ ለመንኳት። አዳራሹ እስከ ስምንት ተኩል የእኛ ነው፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ይበቃል። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ግን ፈርስት ፕሮግራሙ» አለችኝ።

ፕሮግራሙን ልዘርዝርልሽ ብል ወረቀቱ አይበቃም። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ተናገረ። ምክትሉ ሊቀ መንበሩ የተናገረውን ተናገረ። የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ሰጪው ለተቀባዩ፣ ተቀባዩ መልሶ ለሰጪው። የጥዑመልሳን ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ለጨረታ ቀረበና ሁለት ነጋዴዎች ተያይዘው አንድ ሰዓት በሉ። ለዓይን ሕክምና ነው፣ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ከተገዛ በኋላ ገዢው «ለኮሚቴው መልሼ ሰጥቻለሁ» አለና ፎቶው እንደገና ጨረታ ላይ ወጣ! እማማ ዓለምጌጥ እጄን ይዘው «ተይ፣ ደም ግፊት ያመጣብሻል» ይሉኛል። እኔ ሰዓቴን እንጂ እሳቸውን አላይም።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ምሥራቅ መድረክ ወጥታ፣ ጊዜ ስለተጣበበ ከፊልሙ መጀመሪያ ለቅምሻ ያህል እናሳያለን፣ ከዚያ ፎቶ ነው አለች። የሰው ግማሹ ቆሟል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። እኔ በአገሩ አንገቷን የደፋች የምባለው፣ ወንበር ላይ ወጥቼ «ተቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ሙሉጌታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳሌ ሳይናገር ተቀመጠ።

ሐይቁ ታየ። አውቶቡስ ቆመና ጥዑመልሳን ሻንጣውን ይዞ ወረደ። እዚያ፣ ድንጋዩ ላይ፣ እማዬ። ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ «ወይ ጉዴ» ብላ እንደምትነሣው ተነሣች። ነጠላዋን ወደ ኋላ መለሰች፤ ፊቷን ሙሉ በሙሉ አየሁት። ቀና ብላ አየችውና፦

«ምነው ልጄ፣ ምን አዘገየህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አራት መቶ ዘግይቶ የመጣ ሰው፣ ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ «ለእኛ ነው! ለእኛ ነው!»። እኔ አልሳቅኩም። እማዬ ግን አልጨረሰችም ነበር፤ ጣቷን ቀስራ ትናገራለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኔም ዝም በሉ እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል። ሳቁ በረድ ሲል ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤቱ እየሄደች ነበር። ያ ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ ድምፅዋን ሰማሁ፤ አራት ቃል።

ፎቶ ለመነሣት ወረፋ ያዝኩ። ጥዑመልሳን ፊት ስደርስ ፎቶውን ትቼ ስለ እናቴ ጠየቅሁት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አልዋሽም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰማ ብድግ አለ። የተሰጣት ቃል «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ እንደነበር፣ እሱ ግን ያን ቀን ከደሴ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ እንደደረሰ፣ ፀሐይ ላይ ያቆያት እናት ከልቧ እንደተቆጣችው፣ ዳይሬክተሩም ወዶት እንደተወው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ምን አለችህ ብዬ ብጠይቀው ግን አያስታውስም። «ብቻ ጣታቸውን ቀስረውብኝ ነበር» አለኝ። ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው አለ። የሚቀጥለው ዓመት በሀበሻ ስንት እንደሆነ እስቲ አንቺ አስልተሽ ንገሪኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ስሚልኝ፤ ቁንጥጫውን ይቅር ብያቸዋለሁ በያቸው። ጋሽ ይርጉን ሰላም በይልኝ፤ የጀመረው መስኖ ሰምሮለት እንደሆነ ይጻፍልኝ። ከልጆቹ ሀሴትን ሁለቱን ጉንጮቿን፣ ኖላዊን ከተያዘ ግንባሩን ሳሚልኝ። ሙሉጌታም ሰላም ብሏል፤ ከእሁድ ወዲህ ከእኔ ቀድሞ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል።

አንቺ ከአጠገቧ ነበርሽና፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች ጻፊልኝ። ምርቃት ከሆነ እሰየው። ስድብም ከሆነ አታሳጥሪብኝ፤ ለዘገየ ሰው የተባለ ነውና የእኔም ነው።

እህትሽ አይናዲስ
ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.