ስድስተኛው አክሲዮን

ውድ ወንድሜ ኔቪል፣

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ መውጣት ቻልክ? ሮዝሊን ደህና ናት? ትሬሲስ? ትንሿ ኤላ ትምህርት ቤቱን ለመደችው ወይስ አሁንም በር ላይ ታለቅሳለች? እናንተ ዘንድ በጋው እየገባ ስለሆነ ሆባርት ላይ ቲማቲምህን ስትተክል ይታየኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዳሌዬ ብቻ ጠዋት ጠዋት ይቆረጥመኛል፣ ረፋድ ላይ ይተወኛል። ባትሊ ያው እንደምታውቃት ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ የዘነበው ዝናብ አላባራም፣ እኔ ግን ዝናቡንም ያየሁት ዛሬ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ስበር ነው የከረምኩት።

ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ነገር ግን እኔ ስደሰት እየተንተባተብኩ ግማሹን እንደምረሳው ታውቃለህ፣ አንተም "ቀስ በይ ግሌኒስ፣ ትንፋሽ ውሰጂ" ትለኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ አልኩ።

የእማዬ ቤት ተሸጦ ገንዘቡ ለሁለት ሲከፈል ድርሻህን እኔው ዘንድ ትተህ "እንዳየሽው አድርጊው፣ ብቻ እንዳይጠፋ" ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። የመንግሥት ጡረታዬ ሊደርስ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል፤ በዚህ ዳሌ አምስት ዓመት ሙሉ ቆሜ የሆቴል አንሶላ ማጠፍ አልችልም። ገንዘቡን በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ በሚከፍሉ አክሲዮኖች ላይ ባውለውና ዋናውን ሳልነካ የቤት ወጪዬን ቢሸፍንልኝ፣ ለገና ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ እወጣለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቀኑን በወጥ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ከብቤዋለሁ።

ስለ ማክሰኞው ክበብ ነግሬሃለሁ መሰለኝ። ከመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ የምንሰበሰብ አሥራ አንድ ሰዎች ነን፣ እየተመካከርን አክሲዮን የምንገዛ። አለቃችን ሙሪየል ሰግደን ትባላለች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ግብር መሥሪያ ቤት የሠራች፣ ማንም ሊዋሻት የማይደፍራት ሴት ናት። እሷ የምትወደው ትንንሽ ኩባንያዎችን ነው። "ትልልቆቹን ለንደን ያሉት ልጆች ሁሉ ሲያገላብጧቸው ይውላሉ፣ ለእኛ ምን ይተርፈናል? ትንንሾቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፣ እኛ ሄደን እናያቸዋለን" ትላለች። ደግሞም የምሯን ነው የምታየው። የክበባችን ደንብ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንድ አክሲዮን ብቻ ይገዛል። አንድ አክሲዮን ያለው ሰው ደግሞ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ የመግባት መብት አለው። እንግዲህ በአንድ ፓውንድ ትኬት ቆርጠን ገብተን ሻያቸውን እየጠጣን ሹማምንቱን ፊት ለፊት እንጠይቃለን። ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ማን ያናግረን ነበር!

ሁለተኛው ደንብ ገንዘብህን ከስድስት በማያንሱ ኩባንያዎች ላይ ማከፋፈል ነው፤ ትንሽ ኩባንያ ከታመመ አክሲዮኑን ልሽጥ ብትል የሚገዛህ አታገኝምና። አምስቱን እስከ መስከረም ድረስ ገዝቼ ጨረስኩ። የቀረኝ ስድስተኛው ነበር። ሒሳቡን ደግሜ ደጋግሜ ስሠራው፣ ያ ስድስተኛው ጥሩ ከፋይ ከሆነ ለገና እወጣለሁ፣ ካልሆነ ግን የክረምቱን የማሞቂያ ጋዝ የምከፍልበት ይጎድለኛል።

እዚህ ላይ ከክበባችን አንዱ የሆነው ጄፍሪ፣ ግሪምስዌል የሚባለውን ኩባንያ ይዞ መጣ። ጄፍሪ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ አሁንም ሲያወራ ወደ ኋላ መመልከቻ መስታወት የሚያይ ይመስላል። ግሪምስዌል የካርቶን ማሸጊያ ይሠራል፤ የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ደግሞ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከመቶ አሥራ አንድ! እኔ ልቤ ስትዘል ተሰማኝ። ሙሪየል ግን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችና "አንቺ ልጅ፣ ከመቶ አሥራ አንድ የሆነው ቸር ስለሆኑ አይደለም፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ስለወደቀ ነው። ሄደን እንይ እንጂ እዚህ ቁጭ ብለሽ አትቃዢ" አለችኝ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሷ ዘንድ ግን ልጅ ነኝ።

ሦስታችን በባቡር ዌክፊልድ ሄድን። ጉባኤው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር፤ ወንበሩ ሁለት መቶ፣ ሰዉ ዘጠኝ። ጄፍሪ ገና ሳይቀመጥ ብስኩቱን በኪሱ ሞላ። እኔ እንድጠይቅ ሙሪየል በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ስለነበር እጄን አነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በስብሰባ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም! ባለፈው ዓመት ከትርፋችሁ የሚበልጥ የትርፍ ድርሻ ከፍላችኋል፣ ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ አነበብኩላቸው። የቦርዱ ሰብሳቢ ፈገግ ብሎ "ወጪያችንን በብርቱ በመቀነሳችን ነው፣ እሜቴ" አለኝ። ሙሪየል በእግሯ ነካ አድርጋ ተቀመጪ ብትለኝም እኔ አልተቀመጥኩም።

ኔቪል፣ ያን ጊዜ ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርህ። በ1981 አንተን ከሱፍ ፋብሪካው ያሰናበቱህ ሳምንት እማዬ የሰፈሩን ጋዜጣ ከፍታ ፋብሪካው ለባለአክሲዮኖቹ ጥሩ የትርፍ ድርሻ ከፈለ የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችልን። አንተ ሳህንህን አንስተህ አጠብክ። ከስምንት ወር በኋላ አውስትራሊያ ገባህ። እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እዚያው ፋብሪካ ላይ ኩንታል የሚመዝኑት ጋ እሠራ ነበር፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይቆጨኛል።

እና ቆሜ "ወጪ ሲሉ ስንት ሰው ማለትዎ ነው?" አልኩት። ሰውዬው ወረቀቱን አገላበጠ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ጠጋ ብላ በጆሮው ነገረችው። "ሃምሳ አራት" አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሁሉም በስምምነት ነው የሄዱት" ሲል፣ ጄፍሪ ከኋላዬ "አንተም በስምምነት ትሄድ ይሆናላ!" ብሎ ጮኸበት። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ሻዬን ሳነሳው ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ሃደርስፊልድ ሄጄ ቶርንበርክ የሚባለውን አየሁ። የዳቦ ቤትና የፖስታ ቤት ሚዛን የሚሠራ ነው፣ ሠራተኞቹ ዘጠና ይሆናሉ። ጉባኤው በራሳቸው ምግብ ቤት ነበር፣ ከኋላችን ሠራተኞቹ የሥጋ ኬካቸውን ይበላሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወንበር ይሸከማል። የሚከፍሉት ከመቶ አራት ተኩል ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ሪፖርታቸውን አንድ በአንድ አየሁት፤ በወረርሽኙ ዓመት ብቻ ምንም አልከፈሉም። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ሥራ ስላልነበረ ወይ ለእናንተ መክፈል ወይ እነዚህን ማቆየት ነበር" አለና በአገጩ ወደ በላተኞቹ አሳየኝ። አንዷ ሠራተኛ አፏ እንደሞላ "እኔን ነው ያቆዩኝ፣ ተጸጽተዋል!" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

እንግዲህ ይህንን ይዤ ማክሰኞ ወደ ክበቡ ስሄድ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። ሙሪየል ግን ቆጣ አለች። አንድ ጊዜ እንኳ ክፍያ ያቋረጠ ኩባንያ አንገዛም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የጻፍነው ደንብ ነው አለች። እኔም አልተውኳትም፤ ሌላው ሁሉ ትርፉን ሲከፍል ሰው ያባርራል፣ ይኼ ግን በክፉ ቀን ማን እንደሚያስፈልገው አውቋል፣ ሚዛኑን የሚሠራለት ሰው ከሌለ ለእኔስ ከየት አምጥቶ ይከፍለኛል ብዬ ተከራከርኳት። እጅ ወጣ፤ ዘጠኝ ለሁለት ተሸነፍኩ። ጄፍሪ እንኳ አልደገፈኝም፣ ያን ያህል ጮኾ ሲያበቃ ግሪምስዌልን ለራሱ ገዛ፣ አሁንም "የኔ አሥራ አንድ፣ ያንቺ አራት ተኩል" እያለ ያበሽቀኛል። ሙሪየል ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ "ስህተት ነው። ግን ያንቺ ስህተት ነው፣ ራስሽ አይተሽ የሠራሽው ነው፣ እሱን እወዳለሁ" አለችኝ።

የክበቡ ድምፅ ምክር እንጂ ትእዛዝ ስላልሆነ፣ ቶርንበርክን ገዛሁ! ስለዚህ ለገና አልወጣም። ከጥር ጀምሮ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እሠራለሁ፣ አለቃዬም እሺ ብላኛለች። የቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ቀይ ክብ በእርሳስ ሰረዝኩት፣ ትንሽ ከፋኝ፣ ከዚያ እየዘፈንኩ ሳህን አጠብኩ።

አሁን ዋናው ነገር። ባለፈው በፖስታ ፈርመህ የላክልኝ ቅጽ ለዚህ ነበር፤ አክሲዮኑ በሁለታችን ስም ነው። ያንተን ስም ከላይ አስጻፍኩት። በዚህ ዓይነት ድርሻ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ሰው ነው፣ የምስክር ወረቀቱም ትናንት ደርሶኛል። ከፋብሪካ ያባረሩህ አንተ፣ ዛሬ ከፋብሪካ ባለቤቶች አንዱ ነህ። በዚህ ፖስታ ውስጥ የውክልና ወረቀት አለ። በጉባኤው ላይ አንተን ወክዬ እንድናገር ከፈለግህ ፈርመህ ላክልኝ። ካልሆነም ራስህ ና፣ ወንበሩን አብረን እንሸከማለን፣ እጅህንም አንተው ታነሳለህ።

ለሮዝሊን በብዙ ናፍቆት ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ለብሼ ነው ይህንን የምጽፈው። ለትሬሲ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ሥራዋ እንዳያደክማት። ኤላን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ቲማቲምህንም ሰላም በልልኝ፣ እንደ ወንድ ልጅ ነው የምታሳድገው።

የምትወድህ እህትህ፣
ግሌኒስ

ባትሊ፣ ዮርክሸር
ኖቬምበር 16 ቀን 2024